ተመጣጣኝ ውክልና ሲባል የትኛው? አምስት የምርጫ ሥርዓቶች ጎን ለጎን

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያሏትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። ኢሕአዴግን የመረጠ የከተማዋ ነዋሪ አንድም ተወካይ አላገኘም። በ2002 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠና 22ቱ ለኢሕአዴግ፣ አንዱ ብቻ ለመድረክ ሆነ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ብዙ ነገር ሆኗል፤ የታሰረውም የተሰደደውም ጥቂት አይደለም። የመቀመጫ አሰጣጡ ደንብ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር፦ በምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ሁሉን ይወስዳል፣ ሁለተኛ የወጣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ተመጣጣኝ ውክልና ይህን ለማረም የሚቀርብ መልስ ነው። ከ100 መራጭ 30ው አንድን ፓርቲ ከመረጠ፣ ያ ፓርቲ ከ100 መቀመጫ ወደ 30 የሚጠጋ ያግኝ ነው ሐሳቡ። ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሥርዓቶች ቢያንስ አምስት ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ ስሙን ይዞ ሥራውን የማይሠራ ነው። «ተመጣጣኝ ይሁንልን» የሚል ፓርቲ፣ ማኅበር ወይም ዜጋ «የትኛው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ድምፅና መቀመጫ ምን ያህል ይቀራረባሉ የሚለው ነው። ቀጥሎ መራጩ «የእኔ ተወካይ» ብሎ በስም የሚጠራው፣ ሲበደል ደጁን የሚያንኳኳበት ሰው ይኖረዋል ወይ? ሦስተኛው ማን ምክር ቤት እንደሚገባ የሚወስነው መራጩ ነው ወይስ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት የሚል ነው። አራተኛው ከምርጫው በኋላ መንግሥት መመሥረት ይቻላል ወይ፣ ስንት ፓርቲስ መስማማት አለበት የሚል ሲሆን፣ አምስተኛው ቆጠራውን ይመለከታል። ፊደል ያልቆጠረች እናት የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሳትሳሳት ትሞላዋለች? የምርጫ ጣቢያው አስፈጻሚ በዚያው ማታ ቆጥሮ ውጤቱን በር ላይ መለጠፍ ይችላል? ይህን መጨረሻ ላይ ብጽፈውም በእኔ ግምት በአገራችን ከሁሉም እኩል ክብደት አለው። በር ላይ ያልተለጠፈ ውጤት ጥርጣሬን ይጠራልና።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የትኛውም ሥርዓት የተሰረቀ ኮሮጆን አይመልስም፣ የተዘጋ የቅስቀሳ መድረክንም አይከፍትም። እዚህ የምናወዳድረው ድምፁ በትክክል ከተቆጠረ በኋላ ወደ መቀመጫ የሚለወጥበትን መንገድ ብቻ ነው።

ከስሙ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች ጠይቁ

የአንድን ሥርዓት ባሕርይ ከስሙ ይልቅ ሦስት ቁጥሮች ይወስኑታል።

የመጀመሪያው በአንድ የምርጫ ክልል ስንት መቀመጫ አለ የሚለው ነው። ሦስት መቀመጫ ባለበት ክልል አንድ መቀመጫ በእርግጠኝነት ለማግኘት ከ25 በመቶ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ባለበት ከ10 በመቶ በላይ ይበቃል። ይህ በእኛ አገር የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው «እያንዳንዱ ክልላዊ መንግሥት አንድ የምርጫ ክልል ይሁን» ሲል እሰማለሁ። ደቡብ ከመከፈሉ በፊት በነበረው ድልድል ከ547 መቀመጫዎች ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ ደቡብ 123፣ ትግራይ 38፣ ሶማሌ 23፣ አዲስ አበባ 23፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9፣ አፋር 8፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪና ድሬዳዋ ሁለት ሁለት ነበራቸው። በዚህ ድልድል ኦሮሚያ ውስጥ ከአንድ በመቶ በታች ያገኘ ፓርቲ ምክር ቤት ይገባል፤ ሐረር ላይ ግን 30 በመቶ ያገኘ ፓርቲ ሊቀር ይችላል። አንዱ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ዴሞክራሲ ማለት ነው። ትልልቆቹን ክልሎች ከአምስት እስከ ዘጠኝ መቀመጫ ወደያዙ ክፍሎች መክፈል፣ ለትንንሾቹ ደግሞ አገር አቀፍ ማካካሻ ማዘጋጀት ግድ ይላል።

ሁለተኛው ዝቅተኛው የድምፅ ገደብ ነው። ከዚህ በታች ያገኘ ፓርቲ ከድልድሉ ውጪ ይሆናል። ጀርመን 5 በመቶ፣ ስዊድን 4፣ እስራኤል 3.25 አድርገዋል። ቱርክ 10 በመቶ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2002 ምርጫ ከመራጩ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነው ድምፁ መና ቀረ፤ በ34 በመቶ ድምፅ አንደኛ የወጣው ፓርቲም ከ550 መቀመጫ 363ቱን ወሰደ። ወረቀት ላይ ሥርዓቱ ተመጣጣኝ ነበር።

ሦስተኛው የማካፈያ ቀመሩ ነው። ስምንት መቀመጫ ያለው የምርጫ ክልል እንውሰድ፤ ፓርቲ ሀ 47,000፣ ፓርቲ ለ 31,000፣ ፓርቲ ሐ 14,000፣ ፓርቲ መ 8,000 ድምፅ አግኝተዋል። ደ ሆንት በሚባለው ቀመር የእያንዳንዱ ፓርቲ ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እየተካፈለ ከሚገኙት ቁጥሮች ስምንቱ ትልልቆች መቀመጫ ያገኛሉ። እነሱም 47,000፣ 31,000፣ 23,500፣ 15,667፣ 15,500፣ 14,000፣ 11,750 እና 10,333 ናቸው። ሀ 4፣ ለ 3፣ ሐ 1 ሲያገኙ መ ምንም የለውም። ሴንት ላጉ በሚባለው ቀመር ማካፈያው 1፣ 3፣ 5፣ 7 ይሆናል። አሁን ሀ 4፣ ለ 2፣ ሐ 1፣ መ 1 ያገኛሉ። መራጩም ድምፁም ያው ሆኖ አንድ መቀመጫ ከሁለተኛው ፓርቲ ወደ አራተኛው ተሻገረ። ረቂቅ ሕግ ላይ ይህ ቀመር በአንዲት አንቀጽ ውስጥ ተሸጉጦ ይገኛል፤ ያችን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ።

እነዚሁ መቀመጫዎች ስምንት ባለ አንድ ወንበር ክልሎች ቢሆኑና ፓርቲ ሀ በሁሉም ቢመራ፣ በ47 በመቶ ድምፅ ስምንቱንም ይወስድ ነበር።

ዝግ ዝርዝር

ፓርቲው የዕጩዎቹን ስም በቅደም ተከተል ያስመዘግባል፤ መራጩ ፓርቲን ብቻ ይመርጣል። ፓርቲው አሥር መቀመጫ ካገኘ ከላይ ያሉት አሥሩ ይገባሉ።

እስራኤል የዚህ ንጹሕ ምሳሌ ናት። መላው አገር አንድ የምርጫ ክልል ሲሆን መቀመጫዎቹ 120 ናቸው። መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ሲገባ ትሪ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ወረቀቶች ያገኛል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የፓርቲው መለያ ፊደላት በጉልህ ታትመዋል። አንዷን መርጦ ፖስታ ውስጥ ከቶ ይወጣል። ከዚህ የቀለለ ድምፅ አሰጣጥ አላውቅም። በዚህ ሥርዓት ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ማኅበረሰብ ዕድሉ የሚመዘነው ፓርቲዎች ስንተኛ ላይ ባስቀመጡት ዕጩ ነው። የቤተ እስራኤል ልጆች በአዲሱ መሳላ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1996፣ በፕኒና ታማኖ ሻታ አማካይነት በ2013 ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) የገቡት በትልልቅ ፓርቲዎች ዝርዝር ውስጥ ሆነው ነው። የገደቡ ስለትም እዚያው ይታያል፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ሜሬጽ የተባለው የግራ ክንፍ ፓርቲ 3.16 በመቶ አግኝቶ ለጥቂት ውጪ ቀረ። መንግሥት መመሥረቱስ? ከ2019 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት አገሪቱ አምስት ጊዜ ለምርጫ ተጠራች።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በዝግ ዝርዝር 400 መቀመጫዎችን ስታከፋፍል ዝቅተኛ ገደብ አላስቀመጠችም። በ2024 ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ 40 በመቶ ገደማ አግኝቶ 159 መቀመጫ ሆነለት። ከ1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ወደ ጥምር መንግሥትም ገባ። ተመጣጣኝነቱ ከዚህ በላይ አይገኝም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ መራጩ የሚያውቀው ተወካይ የለውም፣ ከፓርቲው የተባረረ የምክር ቤት አባል መቀመጫውንም ያጣል። እንዲህ ባለ አሠራር ተወካዩ የሚፈራው መራጩን ሳይሆን የዝርዝሩን አዘጋጅ ነው። የፓርቲ ውስጥ ዴሞክራሲ ባልጎለበተበት አገር ይህ ከባድ ዋጋ ነው።

የዝርዝር ሥርዓት ለሴቶች ውክልና መልካም መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ቱኒዝያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሴትና ወንድ እየተፈራረቁ እንዲሰለፉ በሕግ አስገደደች። ሆኖም በአብዛኞቹ ዝርዝሮች አናት ላይ የተቀመጠው ወንድ ስለነበረ፣ አንድ መቀመጫ ብቻ ያገኙት ትንንሽ ዝርዝሮች ያስገቡት ወንድ ሆነ። ሕጉን የሚያረቅ ሰው የዝርዝሩን አናትም መቁጠር ይኖርበታል።

ክፍት ዝርዝር

መቀመጫው ለፓርቲው በድምፁ ልክ ይሰጣል፤ ከፓርቲው ውስጥ ማን እንደሚገባ ግን መራጩ ይወስናል። በፊንላንድ መራጩ የሚጽፈው የአንድ ዕጩ ቁጥር ነው፤ ድምፁ መጀመሪያ ለፓርቲው፣ ቀጥሎ ለሰውየው ይቆጠራል። ስዊድን ለዘብ ያለውን መንገድ ይዛለች፤ አንድ ዕጩ በክልሉ ከፓርቲው ድምፅ 5 በመቶውን በስሙ ካገኘ የፓርቲውን ቅደም ተከተል ያልፋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ዝነኛ ሰው ዝርዝሩን ሲጎትት ነው። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ2002 ኤኔአስ ካርኔይሮ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ አምስት የፓርቲ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ፤ ከነሱ አንዱ የነበረው ድምፅ 275 ብቻ ነው።

ቅይጥ ከማካካሻ ጋር

ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለአገራችን ጥያቄ የቀረበው ትምህርት ያለው ከጀርመን ይልቅ በሌሶቶ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመቀመጫው ከፊል እንደ ወትሮው በየምርጫ ክልሉ አንደኛ ለወጣው ይሰጣል። የቀረው የማካካሻ መቀመጫ ነው፤ በየክልሉ ያነሰውን ፓርቲ በአገር አቀፍ ድምፁ ልክ እስኪደርስ ይሞላለታል። በጀርመን የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ በግራ ለሰው፣ በቀኝ ለፓርቲ የሚሰጥ ድምፅ አለ፤ የምክር ቤቱን ሚዛን የሚወስነው የቀኙ ነው። በክልሎች የተገኘው ከድርሻ በላይ ሲሆን ምክር ቤቱ እየሰፋ እ.ኤ.አ. በ2021 አባላቱ 736 ደረሱ። በ2023 የወጣው ሕግ በ630 ወሰነው፤ በ2025 ምርጫም በክልላቸው አንደኛ የወጡ 23 ዕጩዎች መቀመጫ ሳያገኙ ቀሩ። ሁለቱን ባሕርይ አንድ ላይ መያዝ የራሱ ዋጋ አለው።

ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ያካሄደችው ምርጫ አንደኛ የወጣ ሁሉን የሚወስድበት የአብላጫ ድምፅ ነበር። ገዢው ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 መቀመጫ 79ኙን ወሰደ። የተቀረው መራጭ በአንድ መቀመጫ ተወከለ። ተቃውሞው ወደ ሁከት ዞሮ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደሮችም ገቡ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ድርድር 80ውን ክልል ሳይነኩ 40 የማካካሻ መቀመጫ ጨመሩበት። በ2002 ምርጫ ገዢው ፓርቲ አሁንም ክልሎቹን ጠራርጎ ወሰደ፤ ዋናው ተቃዋሚ ግን 21 የማካካሻ መቀመጫ አገኘ። ድንጋይ ይዞ አደባባይ የወጣው ክርክር ወደ ምክር ቤት ወንበር ገባ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የራሳችን ሰኔ 1997 እና ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። በ2007 ትልልቆቹ ፓርቲዎች ዘዴ አገኙ። ገዢው ፓርቲ ደጋፊዎቹን «ለክልል እኔን፣ ለፓርቲ አጋሬን ምረጡ» አለ፤ አጋሩ በክልል ምንም ስላላሸነፈ 21 የማካካሻ መቀመጫ ተሰጠው። ማካካሻው በጓሮ በር ወደ ገዢው ጎራ ተመለሰ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ በ2012 ምርጫ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ፤ ለዕጩው የተሰጠው ድምፅ ለፓርቲውም ይቆጠራል። በዚያ ምርጫ የመጀመሪያው ጥምር መንግሥት ተመሠረተ፣ ሥልጣንም በሰላም ተሸጋገረ።

ቅይጥ ትይዩ

መልኩ ከላይ ያለውን ይመስላል፤ ማካካሻ ግን የለውም። የዝርዝሩ መቀመጫ ለብቻው ይከፋፈላል፣ በክልል የተገኘውን ግፍ አያርምም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ፓርቲ በክልሎች 43 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ300 ክልል 237ቱን ወሰደ፤ የዝርዝር ድምፁ 28 በመቶ እንኳ ባይሞላም በአጠቃላይ ከ480 መቀመጫ 294 ሆነለት።

በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግና ሲደራደሩት የነበሩት ፓርቲዎች የተስማሙበት ቅይጥ 80 በመቶ በአብላጫ፣ 20 በመቶ በተመጣጣኝ የሚል ነበር፤ ሥራ ላይ አልዋለም። ትይዩ ሆኖ ቢሠራበት ሒሳቡ ይህ ነው፦ 60 በመቶ የተመረጠና በየምርጫ ክልሉ የሚመራ ፓርቲ 80ውን ይጠቀልላል፣ ከ20ው ደግሞ 12 ይጨምራል፤ በድምሩ 92 በመቶ። ማካካሻ ቢደረግበት እንኳ 20ው ስለማይበቃ 80 በመቶ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የማካካሻው መጠን ከጠቅላላው መቀመጫ ከሲሶ በታች ከሆነ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው። በዚህ ላይ ማመቻመች የለብንም።

ተሸጋጋሪ ድምፅ

በአየርላንድ ከሦስት እስከ አምስት መቀመጫ ባለው ክልል መራጩ ዕጩዎችን 1፣ 2፣ 3 እያለ በምርጫው ቅደም ተከተል ይቆጥራቸዋል። ለማለፍ የሚያስፈልገው ኮታ የድምፁ ብዛት ለመቀመጫው ብዛት ሲደመር አንድ ተካፍሎ፣ ውጤቱ ላይ አንድ ተጨምሮ ይገኛል፤ ለ4 መቀመጫ 100,000 ድምፅ ከተሰጠ 20,001 ማለት ነው። ከኮታ በላይ ያገኘ ሰው ትርፉ ወደ ሁለተኛ ምርጫዎች ይተላለፋል። ማንም ኮታ ካልሞላ መጨረሻ የወጣው ይሰናበትና ወረቀቶቹ ወደ ተከታዩ ስም ይሄዳሉ። ቆጠራው በየጣቢያው ሳይሆን በአንድ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ የፓርቲ ታዛቢዎች ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱ ሲገለበጥ እየተመለከቱ በእርሳስ ይመዘግባሉ፣ ቀናትም ይወስዳል። መንግሥት ሁለት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1959ና በ1968፣ ይህን ሥርዓት ለማስቀረት ሕዝበ ውሳኔ ጠርቶ ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ «አይነካም» አለ።

ለመራጩ ይህን ያህል ነጻነት የሚሰጥ ሥርዓት የለም፤ የግል ዕጩም ከፓርቲ ዕጩ እኩል ይወዳደራል። በምልክት ፊት ኤክስ ወይም የጣት አሻራ ማኖር ለለመደ፣ ቁጥር ለማይጽፍ መራጭ ግን ይከብዳል፤ በጣቢያ ቆጥሮ በር ላይ መለጠፍም አይቻልም።

በሰንጠረዥ

| ሥርዓት | ተመጣጣኝነት | የአካባቢ ተወካይ | ማን እንደሚገባ የሚወስነው | ድምፅ አሰጣጥና ቆጠራ | ምሳሌ |
|---|---|---|---|---|---|
| አብላጫ ድምፅ | ዝቅተኛ | አለ | ፓርቲ ያቀርባል፣ መራጭ ይመርጣል | በጣም ቀላል | ኢትዮጵያ |
| ዝግ ዝርዝር | በጣም ከፍተኛ | የለም | ፓርቲ | በጣም ቀላል | እስራኤል |
| ክፍት ዝርዝር | ከፍተኛ | በከፊል | መራጭ | መካከለኛ | ፊንላንድ |
| ቅይጥ ከማካካሻ | ከፍተኛ፣ ማካካሻው በቂ ከሆነ | አለ | ሁለቱም | ቀላል፣ ድልድሉ በማዕከል | ሌሶቶ፣ ጀርመን |
| ቅይጥ ትይዩ | ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ | አለ | ሁለቱም | ቀላል | ጃፓን |
| ተሸጋጋሪ ድምፅ | ከፍተኛ፣ ክልሉ ካላነሰ | አለ | መራጭ | ከባድና ረጅም | አየርላንድ |

ለማን የትኛው?

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫዬ ሌሶቶ የያዘችው ነው፤ አንድ ድምፅ፣ ማካካሻው ቢያንስ ሲሶ። ገበሬው የሚያውቀውን የወረዳውን ሰው አያጣም፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ አይለወጥም፣ ጣቢያው ማታውኑ ቆጥሮ ይለጥፋል። ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች በሕገ መንግሥቱ የተጠበቁት ቢያንስ 20 መቀመጫዎችም ባሉበት ይቆያሉ። መንገዱ ግን አጭር አይደለም። አንቀጽ 54 አባላቱ በአብላጫ ድምፅ እንደሚመረጡ ይደነግጋል፤ የምክር ቤቱም ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ይወስናል። ስለዚህ ወይ የምርጫ ክልሎች ይቀነሳሉ ወይ ጣሪያው ይነሳል፤ በሁለቱም መንገድ ማሻሻያ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው።

አንቀጽ 54 የሚናገረው ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ለውጡን በትንሹ መሞከር ለሚፈልግ የአዲስ አበባ ምክር ቤት የተሻለ መነሻ ይመስለኛል። በ1997 ዓ.ም. ከ138 መቀመጫ 137ቱ ለአንድ ወገን የሆኑበት ይህ ምክር ቤት፣ ከተማዋ በክፍል በክፍል ተከፍላ በክፍት ዝርዝር ቢመረጥ መራጩም አስፈጻሚውም ይማሩበታል።

ገንዘብና ጊዜ ላጠረው፣ ከግጭት ወጥቶ በፍጥነት ሁሉንም ወደ ጠረጴዛ ማምጣት ላለበት አገር ዝግ ዝርዝር ይሻላል። ደቡብ አፍሪካ በ1994 ያን ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነበር። የመመለሻ ቀኑን ግን ከመጀመሪያው መጻፍ ያስፈልጋል፤ ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ሥልጣን በፈቃዳቸው ሲመልሱ አይታይም።

ለሙያ ማኅበራት፣ ለዕድሮችና በውጭ ላሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ያለ ማመንታት ተሸጋጋሪ ድምፅን እመክራለሁ። ብዙዎቹ ሰባት የቦርድ አባል ሲመርጡ እያንዳንዱ አባል ሰባት ስም ይጽፋል። 160 ሰው በተገኘበት ጉባኤ 90ው አስቀድሞ ከተማከረ ሰባቱንም ይወስዳል፣ 70ው ባዶ ይቀራል፤ በዓመቱ ማኅበሩ ሁለት ይሆናል። በተሸጋጋሪ ድምፅ ግን 160 ለ8 ተካፍሎ 20፣ አንድ ሲጨመር ኮታው 21 ነው። ሁለቱም ወገን ለየራሱ ዕጩዎች ከቆመ 90ዎቹ አራት፣ 70ዎቹ ሦስት ያስገባሉ። ወጪው አንድ እስር ወረቀት፣ ሁለቱም ወገን የሚያምናቸው አራት ቆጣሪዎችና አንድ ምሽት ነው። ወረቀቶቹን በዕጩ በዕጩ ከምሩ፣ እያንዳንዱን ዝውውር ሰሌዳ ላይ በግልጽ ጻፉ፣ ክምሩንም እስከሚቀጥለው ጉባኤ በታሸገ ሣጥን አቆዩት።